የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ አልበምን ከጎንደር ሆኖ መሰብሰብ፦ የአዲስ እትም መግለጫ እንዴት ይነበባል?

አንድ የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ አልበም ካዘዝሁበት ቀን አንሥቶ እጄ እስኪገባ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። መጀመሪያ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከፍሎ ይቀበለዋል፤ ቀጥሎ ወደ አገር ቤት የሚመጣ መንገደኛ እስኪገኝ እዚያው ይቆያል፤ መንገደኛው አዲስ አበባ ካደረሰው በኋላም ወደ ጎንደር የሚመጣ ሌላ ሰው ይፈለጋል። ይህን ሁሉ መንገድ አልፎ የመጣ ዕቃ ያልጠበቅሁት ሆኖ ቢገኝ መልሶ መላክ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ጎንደር ተቀምጦ ይህን ሙዚቃ የሚሰበስብ ሰው አሳታሚው አዲስ እትም ሲያወጣ የሚያሰራጨውን መግለጫ ቃል በቃል ማንበብ መቻል አለበት። ይህ ጽሑፍ በዋነኛነት ስለዚያ ንባብ ነው፤ ስለ አመጣጡና ስለ አያያዙም እጨምራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በፊልሙ የሚሰማውና በአልበሙ የሚታተመው

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ በፊልሙ ውስጥ የምንሰማው ሙዚቃና በአልበም ታትሞ የሚሸጠው ሙዚቃ ብዙ ጊዜ አንድ አለመሆናቸው ነው። ለአንድ ፊልም የሙዚቃው ደራሲ ስልሳ፣ ሰማንያ፣ አንዳንዴም ከመቶ ደቂቃ በላይ ሙዚቃ ይጽፋል። ባለ 12 ኢንች ሸክላ ግን ድምፁ ሳይጎዳ የሚይዘው በአንድ ገጹ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያህል ነው። በዚህ ምክንያት በሸክላ ዘመን ደራሲው ራሱ ከጻፈው መርጦ፣ አጫጭሮቹን አገጣጥሞ፣ ቅደም ተከተሉንም ከፊልሙ ታሪክ ይልቅ ለጆሮ በሚስማማ መንገድ አሰናድቶ ወደ 40 ደቂቃ የሚጠጋ አልበም ያወጣ ነበር።

ሲዲ በ1982 ገበያ ላይ ሲውል ቦታው ወደ 74 ደቂቃ ሰፋ፤ ሆኖም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የታተሙ ብዙ የማጀቢያ ሙዚቃ ሲዲዎች 30 ደቂቃ ብቻ ይዘው እናገኛቸዋለን። ምክንያቱ የቦታ ጥበት አልነበረም። በአሜሪካ የሙዚቀኞች ማኅበር ውል መሠረት ለፊልም የተቀዳ ሙዚቃ እንደገና በአልበም ሲታተም ለኦርኬስትራው አባላት ተጨማሪ ክፍያ ይፈጸማል፤ ክፍያው የሚታተመው ሙዚቃ በረዘመ ቁጥር ስለሚጨምር አሳታሚዎቹ አልበሙን ያሳጥሩት ነበር። አንድ የቆየ ሲዲ ገዝቶ «የምወደው ትዕይንት ሙዚቃ የት ሄደ?» ብሎ ያዘነ ሰው መልሱን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ «ኤክስፓንድድ ኢዲሽን» ወይም «ኮምፕሊት ስኮር» የሚል ጽሑፍ ሽፋናቸው ላይ አኑረው የሚወጡት እትሞች ይህንኑ የቀረ ሙዚቃ ለማውጣት የሚዘጋጁ ናቸው። ሥራውን በዋነኛነት የያዙት ለዚሁ ብቻ የቆሙ አነስተኛ አሳታሚዎች ሲሆኑ፣ ከአሜሪካ በ1978 የተመሠረተው ቫሬዝ ሳራባንድ፣ በ1985 የተመሠረተው ኢንትራዳና በ2002 ሥራ የጀመረው ላ-ላ ላንድ ሪከርድስ፣ ከስፔን ኳርቴት ሪከርድስ፣ ከፈረንሳይ ደግሞ ሚዩዚክ ቦክስ ሪከርድስ ተደጋግመው የሚያጋጥሙ ስሞች ናቸው። እነዚህ አሳታሚዎች ወደ ፊልም ስቱዲዮዎች ቤተ መዛግብት ገብተው የመጀመሪያዎቹን ቴፖች ፈልገው፣ ድምፁን አጽድተው፣ ስለ ሙዚቃው አሠራር የሚተርክ መጽሔት ጨምረው ያወጣሉ።

ይህን ስል አጭሩን አልበም ለማጣጣል አይደለም። በበዓታ ማሕሌት ሊቃውንቱ ከሰፊው ድጓ ለዕለቱ የሚስማማውን መርጠው እንደሚቆሙለት ሁሉ፣ ደራሲው ራሱ መርጦ ያሰናዳው 40 ደቂቃ ብዙ ጊዜ የራሱ ሥርዓት ያለው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ ሊደመጥ የሚገባው ሥራ ነው። የተሟላውን እትም ስለያዝሁ አጭሩን አልበም የሰጠሁባቸው ጊዜያት አሉ፤ ዛሬ ይቆጨኛል።

መግለጫው ውስጥ መጀመሪያ የሚፈለገው

መግለጫ ሲወጣ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ሽፋኑ ላይ ካለው የፊልሙ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ይቆይና መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ይህን ሙዚቃ የተጫወተው ማን ነው?» የሚለው ነው፤ ይኸውም አልበሙ በፊልሙ የሰማነውን ቅጂ የያዘ ነው ወይስ በኋላ እንደገና ተጫውተው የቀዱትን?

በ1982 የወጣውን «ብሌድ ራነር» የተባለውን ፊልም እንውሰድ። ሙዚቃውን የደረሰውም የተጫወተውም ግሪካዊው ቫንጌሊስ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ግን ለገበያ የቀረበው አልበም የእርሱ ቅጂ አልነበረም፤ «ኒው አሜሪካን ኦርኬስትራ» በሚል ስም የተሰባሰቡ ሙዚቀኞች ዜማዎቹን እንደገና ተጫውተው የቀዱት ነበር። የቫንጌሊስ የራሱ ቅጂ በአልበም የታተመው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1994 ነው። በ2007 ደግሞ የፊልሙን 25ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ባለ ሦስት ሲዲ እትም ወጣ፤ ከሦስቱ የመጀመሪያው ያው የ1994ቱ አልበም ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚያ በፊት ያልታተሙ የፊልሙን ሙዚቃዎች ይዟል፤ ሦስተኛው ግን ቫንጌሊስ ለመታሰቢያው በአዲስ የሠራው እንጂ ከፊልሙ የተወሰደ አይደለም። እንግዲህ የዚህን ፊልም ሙዚቃ የሚፈልግ ሰው በአንድ ርእስ ሥር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይቀርቡለታል ማለት ነው። የትኛውን እንደሚገዛ የሚያውቀው የታተመበትን ዓመትና የተጫዋቹን ስም ካነበበ ብቻ ነው።

ከዚህም የረቀቀ ሁኔታ አለ። በ1968 ለወጣው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ለተባለው ፊልም አሌክስ ኖርዝ ሙዚቃ ደርሶና አስቀድቶ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ ግን የእርሱን ትቶ የታወቁ የክላሲክ ሥራዎችን በፊልሙ ተጠቀመ። የኖርዝን ድርሰት ጄሪ ጎልድስሚዝ ኦርኬስትራ እየመራ እንደገና ቀድቶት በ1993 በቫሬዝ ሳራባንድ ታተመ፤ በ1968 የተቀዳው የመጀመሪያው ቅጂ ደግሞ በ2007 በኢንትራዳ ወጣ። ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን ፊልሙን አይቶ ያንን ሙዚቃ ልስማ ብሎ የሚገዛቸው ሰው የሚፈልገውን አያገኝም።

እኔም ይህን ያወቅሁት በኪሳራ ነው። በልጅነቴ በቪዲዮ ቤት ደጋግሜ ያየሁት ፊልም ሙዚቃ መሆኑን ሽፋኑ ላይ ካለው ሥዕል አይቼ ያለ ምርመራ ያስመጣሁት ሲዲ ከአምስት ወር በኋላ ሲደርሰኝ፣ ከመጀመሪያው ዜማ ጀምሮ በአንድ ኪቦርድ የተጫወቱት ሆኖ አገኘሁት። ሻጩ አልዋሸም፤ ከሽፋኑ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ሚዩዚክ ፍሮም ዘ ፊልም» የሚል ነበረበት። ይህ ሐረግ ዜማዎቹ ከፊልሙ የመጡ ናቸው ይላል እንጂ ቅጂው የፊልሙ ነው አይልም። ከፊልሙ የተወሰደ ቅጂ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ «ኦሪጅናል ሞሽን ፒክቸር ሳውንድትራክ» ወይም «ኦሪጅናል ሳውንድትራክ ሪከርዲንግ» ተብሎ ይጻፋል። «ሚዩዚክ ኢንስፓየርድ ባይ» የሚል ካለበት ደግሞ ፊልሙን መነሻ አድርገው የተሠሩ፣ በፊልሙ ውስጥ ጨርሶ የማይሰሙ ዘፈኖች ሊኖሩበት ይችላሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ድምፁ ከየት ተገኘ የሚለው ነው። የቆዩ ፊልሞች ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ የተቀዳው ወርዱ 35 ሚሊሜትር በሆነ፣ ልክ እንደ ፊልም ጥቅል ጠርዙ በተበሳሳ ማግኔታዊ ፊልም ላይ ነው። ይህ ፊልም አሲቴት ከተባለ ነገር የተሠራ ከሆነ ከዘመን ብዛት እየተኮማተረና ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ ይበላሻል፤ የተበላሸውን ሲያጫውቱትም ድምፁ ይዋዥቃል። ጥንቃቄ ያላቸው አሳታሚዎች የትኛውን ቴፕ እንደተጠቀሙ፣ የትኛው ክፍል በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) ብቻ እንደተገኘ፣ የትኛው እንደተጎዳ በግልጽ ይጽፋሉ። «ይህ ክፍል የድምፅ ጉድለት ስላለበት በመጨረሻ በተጨማሪነት ቀርቧል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሳነብ በአሳታሚው ላይ ያለኝ እምነት ይጨምራል። ስለ ምንጩ ምንም ሳይል «በአዲስ መልክ የተዘጋጀ ድምፅ» ብቻ ከሚል መግለጫ ግን እቆጠባለሁ።

ሦስተኛው የዜማዎቹ ዝርዝር ነው፤ ይህን በወረቀትና በእርሳስ ማንበብ ይሻላል። ለምሳሌ ያህል አዲሱ እትም ሁለት ሲዲ አለው፣ የመጀመሪያው 76 ደቂቃ የፊልሙን ሙዚቃ በተሟላ ሁኔታ ይዟል፣ ሁለተኛው ደግሞ የድሮውን የ42 ደቂቃ አልበም በታደሰ ድምፅ ደግሟል እንበል። የድሮው አልበም ያለው ሰው ሁለት ሲዲ ይግዛ እንጂ ሰምቶት የማያውቀው ሙዚቃ 34 ደቂቃ ያህል ብቻ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው የድሮው አልበም ከፊልሙ ቅጂ የተወሰደ ሲሆን ነው። ጆን ዊልያምስ ለ1975ቱ «ጆውስ» ያወጣው አልበም ለምሳሌ ከፊልሙ ቀረጻ የተቆረጠ ሳይሆን ለሸክላ ተብሎ እንደገና የተቀዳ ነበር፤ ኢንትራዳ በ2015 ያወጣው እትም የፊልሙንና የአልበሙን ቅጂዎች ለየብቻ ይዞ መውጣቱ ትርጉም ያለው ለዚህ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ድግግሞሽ የሚመስለው ነገር ድግግሞሽ አይደለም።

በዝርዝሩ ውስጥ «ኦልተርኔት» የሚል ቃል ካለ፣ ደራሲው ለዚያው ትዕይንት በሌላ አኳኋን ሞክሮ የተወው ቅንብር ነው። «ሶርስ ሚዩዚክ» ሲባል ደግሞ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ራሳቸው የሚሰሙት፣ ከሬዲዮ ወይም ከጭፈራ ቤት የሚመጣው ሙዚቃ ነው። ለኦልተርኔት ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል የሚገባ ሆኖ የሚሰማኝ ደራሲውን በጣም ስወደው ብቻ ነው፤ የምወደው ደራሲ ሲሆን ግን የተወውን ሙከራ መስማት ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ሲሠራ እንደ ማየት ነው።

የቅጂ ብዛትና ጥድፊያ

እነዚህ እትሞች ብዙውን ጊዜ በተወሰነ ቅጂ የሚታተሙ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከ1,000 እስከ 5,000 ባለው ውስጥ ይገኛል። ቁጥሩ የሚወሰነው ለገበያ ማሞቂያ ብቻ አይደለም፤ አሳታሚው ከመብቱ ባለቤት ጋር የሚዋዋለውና ክፍያውን የሚያሰላው በዚያ ልክ ነው። «ሊሚትድ ኢዲሽን» የሚለውን አይቶ የሚደነግጥ አዲስ ሰብሳቢ ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ በአንድ ቀን የሚያልቁ እትሞች አሉ፤ ለዓመታት ሳያልቁ በአሳታሚው መጋዘን የሚቆዩት ግን ብዙ ናቸው። ያለቀ እትም በሻጮች እጅ ዋጋው ሰማይ ቢነካም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ አሳታሚ የተሻለ ቴፕ አግኝቶ ያንኑ ሙዚቃ እንደገና ሲያወጣው ደጋግሜ አይቻለሁ።

የእኔ ልማድ እንዲህ ነው። የቅጂው ቁጥር ከ1,000 የማይበልጥና ደራሲውም ለዓመታት የተከታተልሁት ከሆነ በዚያው ቀን አዝዛለሁ። ሌላውን ሁሉ ሦስት ወይም አራት እስኪሞላ አቆየዋለሁ፤ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ አንድን ሲዲ ለብቻው በፖስታ ማስላክ ከሲዲው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ስላለ፣ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ማዘዝ ይጠቅማል። በመካከሉም አሳታሚዎቹ የሚያስደምጡትን አጫጭር ቅንጫቢ በጥሩ ማዳመጫ እሰማለሁ።

ክፍያን በተመለከተ፣ በብር የሚሠራ የባንክ ካርድ በውጭ ሱቆች ብዙውን ጊዜ ስለማያገለግል ዘመድ ወይም ወዳጅ መለመን የማይቀር ነው። ለዚያ ዘመድ የአልበሙን ስም ብቻ መንገር አይበቃም፤ የአሳታሚውን ስምና በጀርባው ላይ ያለውን የአልበሙን መለያ ቁጥር ጽፎ መላክ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የቸኮለ ሰው መጀመሪያ ያገኘውን ይገዛል። ደረሰኙም ከዕቃው ጋር ይምጣ፤ ጉምሩክ ዋጋውን ሲጠይቅ የሚቀርበው እርሱ ነው። በፖስታ የሚመጣ ከሆነ በአገራችን ዕቃው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለሆነ፣ ፒያሳ ባለው ፖስታ ቤት ሣጥን የሌለው ሰው ካለው ወዳጁ ጋር አስቀድሞ ይስማማ።

በሻንጣ የሚመጣውን ሲዲ በልብስ መካከል አድርጎ መጠቅለል በቂ ነው፤ የላስቲክ ማኅደሩ ቢሰበር በሌላ ይተካል፤ የማይተካው ዲስኩና መጽሔቱ ነው። ሸክላ ግን በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል ሆኖ፣ ዲስኩ ከሥዕል ሽፋኑ ወጥቶ በስስ ከረጢቱ ብቻ ከሽፋኑ ጎን ይቀመጥ። ውስጡ እንዳለ ከተላከ በጉዞ ሲንቀሳቀስ የሽፋኑን ጠርዝ ይቀድደዋል።

ከእኛው ሙዚቃ ወደ ፊልም የገባው

አንዳንድ ጊዜ ፊልም ላይ የሰማነውን ሙዚቃ በፊልሙ አልበም መፈለግ ከመንገድ መውጣት ይሆናል። በ2005 በጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ተሰምተው ብዙ የውጭ አገር አድማጮችን ወደ ኢትዮ ጃዝ ሳቡ። የፊልሙ አልበም የሙላቱን ጥቂት ሥራዎች ከሌሎች ሙዚቀኞች ሥራዎች ጋር አጣምሮ የያዘ ነው። የሙላቱን ሙዚቃ የሚፈልግ ሰው ግን ከ1969 እስከ 1974 የተቀዱትን መሣሪያ ብቻ የሆኑ ሥራዎች የያዘውን «ኢትዮፒክስ» የተባለውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲዲዎች ተከታታይ 4ኛ ቅጽ ቢይዝ ይሻለዋል። ሁለቱንም መያዝ የሚፈልግ ሰው አይሳሳትም፤ አንዱን ብቻ መግዛት ለሚችል ግን ምርጫው ግልጽ ነው።

ለእኛ ለጎንደሮች ከዚህ የሚቀርበው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። እማሆይ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ የቆሎ ተማሪዎች በደጁ ተኝተው ሲያዩ ልባቸው ተነክቶ፣ ለችግረኞች መርጃ እንዲሆን ሙዚቃቸውን በሸክላ ለማሳተም ተነሡ፤ የመጀመሪያው ሸክላቸውም በ1967 በጀርመን ታተመ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2021 በወጣው በሬቤካ ሆል «ፓሲንግ» ፊልም ውስጥ «ዘ ሆምለስ ዋንደረር» የተባለው የፒያኖ ሥራቸው ደጋግሞ ተሰማ፤ ርእሱ ቤት የሌለው ተንከራታች ማለት ነው። ይህን ሙዚቃ ለማግኘት በ2006 የወጣውን የ«ኢትዮፒክስ» 21ኛ ቅጽ መያዝ ነው፤ የመጀመሪያው ዜማ እርሱ ነው። በዚያ ፒያኖ ውስጥ ጣቶቹ ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሻገሩ የሚዘገዩትን፣ ከዚያም የሚቸኩሉትን፣ መለኪያ የማይገዛውን አካሄድ የማሕሌት ጆሮ ያለው የጎንደር ሰው ቶሎ ይለየዋል። እማሆይ በ2023 በኢየሩሳሌም ባረፉ ጊዜ በዕድሜያቸው ወደ መቶ ተቃርበው ነበር።

ከሁለተኛ እጅ ሲገዛ

ያለቀ እትም የሚገኘው ከሌላ ሰብሳቢ ወይም ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ነው፤ እዚህ ላይ ማጭበርበር አለ። አንድ ጊዜ ፋብሪካ እንደታሸገ ሆኖ የመጣልኝን ሲዲ ከማኅደሩ አውጥቼ በመስኮት ብርሃን አየሁት። በፋብሪካ የታተመ ሲዲ የታችኛው ገጹ እንደ መስተዋት ነጭ ብር ነው፤ ይህ ግን ሲያዘነብሉት ስስ አረንጓዴ ይጥላል። ቀጥሎ መሐሉ ካለው ቀዳዳ ዙሪያ ያለውን ጠባብ ቀለበት በማጉያ መነጽር ተመለከትሁ፤ የአልበሙ መለያ ቁጥር ሊኖርበት ሲገባ ባዶ ሲዲ ላይ የሚገኝ የተራ ቁጥር ብቻ ነበረበት። የሽፋኑን ወረቀት ስመረምር ደግሞ ደቃቁ ጽሑፍ ጠርዙ የተበላ፣ ከሌላ ሽፋን በስካነር የተነሣ መሆኑ በግልጽ ይታያል። በቤት ኮምፒውተር የተቀዳ ነበር፤ ሻጩም ከዚያ በኋላ አልተገኘም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ሻጩ የዲስኩን የታች ገጽና ያንን ቀለበት በቅርብ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ ይጠየቅ። ከ1994 ወዲህ በታተሙ በአብዛኞቹ ሲዲዎች ቀለበት ላይ «አይ.ኤፍ.ፒ.አይ.» ከሚሉት ፊደላት ጋር የፋብሪካው መለያ ይገኛል፤ ከዚያ በፊት በታተመ ሲዲ ላይ ግን አለመኖሩ የሐሰት ምልክት አይደለም። ሌላም ቀለበቱ የሚነግረን ነገር አለ። በእንግሊዝ ብላክበርን በነበረው ፒ.ዲ.ኦ. ፋብሪካ ከ1988 እስከ 1993 ከታተሙት ሲዲዎች ከፊሎቹ መከላከያ ቅባቸው በደንብ ስለማይከላከል ከጠርዛቸው ጀምሮ ወደ ውስጥ እንደ ነሐስ እየቀሉ ይበላሻሉ፤ «ሜድ ኢን ዩ.ኬ. ባይ ፒ.ዲ.ኦ.» የሚል ያለበትን ሲዲ ቀለሙን ሳያዩ መግዛት አይገባም።

ሸክላ ሲሆን በመጨረሻው ዜማና በወረቀቱ መካከል ባለው ባዶ ጥቁር ቦታ ላይ በእጅ ወይም በማኅተም የተጻፈውን ቁጥር ከሽፋኑ ቁጥር ጋር ያስተያዩ። ጭረት ካለ በጥፍር ጫፍ በቀስታ ይዳሰስ፤ ጥፍር የሚይዘው ጭረት በመርፌውም ይሰማል፤ ለዓይን ብቻ የሚታየው ብዙ ጊዜ አይሰማም።

ማጫወቻው፣ ክረምቱና መዝገቡ

የሸክላ ማጫወቻ ከአሜሪካ የሚያስመጣ ሰው ከቮልቱ ባሻገር የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ሲሆን (በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው) የእኛ 50 ኸርዝ ነው። አንዳንድ ማጫወቻዎች፣ በተለይ አሮጌዎቹ፣ ፍጥነታቸውን የሚወስዱት በቀጥታ ከመብራቱ ስለሆነ፣ ቮልቱን በትራንስፎርመር ቢያስተካክሉትም ሸክላው ከስድስት እጅ በአምስቱ ፍጥነት ብቻ ይዞራል፤ ሙዚቃው ይጎተታል፣ ድምፁም በሦስት ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ያህል ዝቅ ይላል። ለ50 ኸርዝ የተሠራ ወይም ፍጥነቱን ከመብራቱ በማይወስድ በዲሲ ሞተር የሚዞር መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይህን ያስቀራል። ሲዲ ማጫወቻ ይህ ችግር የለበትም። ለሁለቱም ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ ስለሚያናጋቸው ስታቢላይዘር ያስፈልጋል።

የጎንደር አየር ለስብስብ መልካም ነው፤ ሙቀቱ ሸክላ የሚያጣምም አይደለም፣ በመስኮት ፀሐይ ካልተመታ በስተቀር። የሚያስቸግረው ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጊዜ የውጭ ግድግዳን ተደግፎ የቆመ ቁም ሣጥን ጀርባው ይረጥባል፤ በመጀመሪያ የሚጎዳው ዲስኩ ሳይሆን መጽሔቱ ነው። ገጾቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ሲላቀቁም ጽሑፉን ይዘው ይነሣሉ። አንድ ክረምት ባለ 24 ገጽ መጽሔት መካከሉ እንዲህ ሆኖ ተበላሽቶብኛል። ከዚያ ወዲህ መደርደሪያዬን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቄ በውስጠኛው ክፍል አቁሜዋለሁ፤ ከጫማ ካርቶን የማገኛቸውን እርጥበት መጣጭ ትናንሽ ከረጢቶችም በየረድፉ አኖራለሁ፤ መስቀል ሲያልፍ ሁሉንም አውጥቼ በጥላ አናፍሳለሁ። ሸክላዎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ እንጂ አይደራረቡም። ሲዲ ሲጸዳ ጨርቁ ከመሐል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ይሄዳል፤ ዙሪያውን አይዞርም፤ ዙሪያውን የሄደ ጭረት ማጫወቻው የሚያነበውን መስመር ተከትሎ ብዙ ሙዚቃ ያጠፋል። የሥዕል ወይም የጽሑፍ ገጹም አይናቅ፤ ሙዚቃውን የያዘው ስስ የብረት ገጽ የሚገኘው ከዚያው ሥር ስለሆነ በዚያ በኩል የሚደርስ ጭረት ጨርሶ አይታከምም።

የመጨረሻው ሥራ መዝገብ ነው። እኔ የምጠቀመው ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ሲሆን፣ በእያንዳንዱ መስመር የፊልሙን ርእስና ዓመት፣ የሙዚቃውን ደራሲ፣ አሳታሚውን፣ የአልበሙን መለያ ቁጥር፣ የታተመበትን ዓመት፣ የቅጂውን ብዛት፣ ጠቅላላ ደቂቃውንና ማን ይዞልኝ እንደመጣ እጽፋለሁ። አዲስ መግለጫ ሲወጣ መጀመሪያ የምከፍተው ይህን ደብተር ነው፤ ያው ሙዚቃ በሌላ ሽፋን ሁለተኛ እንዳልገዛ ደቂቃውና ቁጥሩ ይነግሩኛል።

ከደብተሩ ጀርባ ደግሞ ገና ያልያዝኋቸውን የምጽፍባቸው ገጾች አሉ። የአገራችን ፊልሞች ማጀቢያ ሙዚቃ ለብቻው በአልበም ታትሞ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ፣ የሙዚቃውን ሠሪ ስም የምናገኘው ፊልሙ ሲያልቅ ከሚወጣው ጽሑፍ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ሲነሣ ተቀምጦ መጠበቅና መጻፍ ያስፈልጋል። በእነዚያ ገጾች የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው የጎንደር ተወላጁ የኃይሌ ገሪማ የ2008 ፊልም «ጤዛ» ነው፤ በደራሲ ቦታ ጆርጋ መስፍንና ቪጃይ አየር ብዬ ጽፌአለሁ። የአሳታሚውና የመለያ ቁጥሩ ቦታ ገና ባዶ ነው።